ነርቩ ቢቆረጥ ቆሽት ምግብ መድረሱን በምን ያውቃል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና የዓምዱ አዘጋጅ መልሶች

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ምግብ መፈጨት ሳስተምር፣ ምግብ ሲታይና ሲሸተት አንጎል በነርቭ አማካይነት ጨጓራንና ቆሽትን እንደሚያዝ፣ እነርሱም አሲድና ኢንዛይም እንደሚያመነጩ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። በቅርቡ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ነርቩ ቢቆረጥስ? ቆሽት ምግብ መድረሱን በምን ያውቃል? ጨጓራስ አሲዱ እንደበቃው ማን ይነግረዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሆርሞን የሚለውን ቃል ጠቅሼ አለፍኩት እንጂ በቅጡ እንዳልመለስኩላት ይሰማኛል። ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ጥያቄ ሆርሞን የሚለውን ቃል ራሱን የወለደ ጥያቄ ስለሆነ በችኮላ ቢያልፉት የሚያስቆጭ ነበር። ነርቩ ቢቆረጥም ምግብ መፈጨቱ አይቆምም። ይህንንም የምናውቀው በእንስሳት ላይ ከተደረገ ሙከራ ብቻ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለት የጸናባቸውን ሕሙማን ለማከም ከአንጎል ወደ ሆድ የሚወርደውን ቬገስ የተባለ ነርቭ በቀዶ ሕክምና ይቆርጡ ነበር። የአሲዱ መጠን በእጅጉ ቀነሰ፤ ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያወርድበት ሥርዓት ስለተዛባም ብዙውን ጊዜ መውጫውን የሚያሰፋ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አስፈለገ። ሕሙማኑ ግን መብላታቸውንም፣ የበሉትን መፍጨታቸውንም አላቋረጡም። ዛሬም ከአንድ ሰው ተወስዶ በሌላው ሆድ ውስጥ የሚተከል ቆሽት የቀድሞ ነርቮቹ በሙሉ ተቆርጠውበት እንኳ ፈሳሹን ማመንጨቱን ይቀጥላል።

እርስዎ ለተማሪዎችዎ የሚነግሩት ነገር ስሕተት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። ያንን ግማሽ በጥንቃቄ ያረጋገጠው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ሲሆን፣ በምግብ መፈጨት ላይ ላደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። እርሱና ባልደረቦቹ ውሻ የዋጠው ምግብ ጨጓራው ሳይደርስ በጉሮሮው በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ አድርገው፣ ምግብ ያልደረሰው ጨጓራ አሲድ ሲያፈልቅ አሳዩ። ከዚህም የተነሣ የቆሽትም ሥራ ሙሉ በሙሉ በነርቭ የሚታዘዝ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዘመኑ ሥር ሰደደ።

ይህን የናዱት በለንደን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የነበሩት ዊሊያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ ናቸው። (ቤይሊስ የስታርሊንግን እኅት ያገባ ስለነበር ሁለቱ የሥራ ባልደረቦች ብቻ ሳይሆኑ አማቾችም ነበሩ።) እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1902 ባደረጉት ሙከራ በአንድ የደነዘዘ ውሻ ውስጥ ከቀጭኑ አንጀት አንዱን ቁራጭ ለይተው፣ ወደ እርሱ የሚሄዱትን ነርቮች በሙሉ ቆረጡና የደም ሥሮቹን ብቻ አስቀሩለት። ከዚያም በዚያ ቁራጭ ውስጥ አሲድ ሲያፈሱበት፣ ምንም የነርቭ ግንኙነት ሳይኖር ቆሽቱ ጠብ ጠብ እያለ ፈሳሹን ማውጣት ጀመረ። መልእክቱ ሊያልፍበት የሚችለው ብቸኛ መንገድ ደም እንደሆነ ከተረዱ በኋላ የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ፍቀው፣ በአሲድ አሽተውና አጥልለው ጭማቂውን በቀጥታ በደም ሥር ሰጡት፤ ቆሽቱ አሁንም ፈሳሹን አመነጨ። ለዚህ ንጥረ ነገር ሴክሪቲን የሚል ስም ሰጡት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ስታርሊንግ በአንድ አካል ተሠርቶ በደም እየተጓዘ ሌላውን አካል የሚቀሰቅስ ማንኛውም ኬሚካላዊ መልእክተኛ «ሆርሞን» ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ፤ ቃሉ «እቀሰቅሳለሁ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ግሥ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያው ሆርሞን ተብሎ ስም የወጣለት እንግዲህ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ኢንሱሊን ወይም የፆታ ሆርሞን ሳይሆን ይህ ስሙ እምብዛም የማይነሣው የአንጀት ሆርሞን ነው። ፓቭሎቭም ሙከራው በራሱ ቤተ ሙከራ ሲደገም ከተመለከተ በኋላ የሁለቱን እንግሊዛውያን ግኝት እንደተቀበለ ይነገርለታል።

አሁን ወደ ማዕዱ እንመለስ። ምግቡ ገና ሲታይ፣ ሲሸተትና ሲታኘክ በቬገስ ነርቭ የሚወርደው ትእዛዝ በአንድ ማዕድ ጊዜ ከሚመነጨው አሲድ ሢሶውን ያህል ያስነሣል። ምግቡ ጨጓራ ሲደርስ ደግሞ የሚበልጠው ድርሻ ይመጣል። በጨጓራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ውስጥ ያሉ ልዩ ሕዋሳት የተፈጩ የፕሮቲን ስብርባሪዎችን ሲቀምሱ (ቃሉ እጅግ አይርቅም፣ እነዚህ ሕዋሳት ጫፋቸው ወደ ጨጓራው ውስጥ ያዘነበለ ስለሆነ በእርግጥም የሚቀምሱ ይመስላሉ) እንዲሁም ጨጓራው ሲለጠጥ ጋስትሪን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ጋስትሪን ከጨጓራው ከታችኛው ክፍል ተነሥቶ፣ በደም ዞሮ ልብን አልፎ፣ ወደዚያው ጨጓራ የላይኛው ክፍል ይመለሳል። የአንድ ከረጢት ታች ለላዩ መልእክት ለመላክ መላ ሰውነትን መዞሩ ለእኔ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነገር ነው።

ጋስትሪን በላይኛው ክፍል ሲደርስ አሲድ አመንጪ ሕዋሳትን በራሱ ከመንካቱ ይልቅ ዋናውን ሥራ የሚያከናውነው ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በሚያወጡ ጎረቤት ሕዋሳት በኩል ነው። ሂስታሚኑ አሲድ አመንጪውን ሕዋስ ሲቀሰቅሰው፣ በሕዋሱ ውስጥ ተጣጥፈው የተቀመጡ ጥቃቅን ፓምፖች ወደ ላይ ወጥተው የአሲድ ቅንጣቶችን ወደ ጨጓራው ይገፋሉ፤ በዚህም የተነሣ የጨጓራ አሲድ ክምችት በደማችን ውስጥ ካለው ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። በአንድ ቀን የሚመነጨው የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋል። ሂስታሚን በዚህ ታሪክ ውስጥ መገኘቱ የጋስትሪንን አባት ክፉኛ ጎድቶታል፤ ጆን ኤድኪንስ ጋስትሪንን እ.ኤ.አ. በ1905 ቢያስታውቅም፣ ሂስታሚን በዚያው የጨጓራ ጭማቂ ውስጥ ስለተገኘ ብዙዎች «ያየኸው ሂስታሚን ነው እንጂ አዲስ ሆርሞን አይደለም» ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። በሊቨርፑል ሮድሪክ ግሪጎሪና ሂልዳ ትሬሲ ከአሳማ ጨጓራ ጋስትሪንን አጥርተው በማውጣት የኤድኪንስን እውነተኝነት ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

ተማሪዎ «አሲዱ እንደበቃው ማን ይነግረዋል?» ላለችው መልሱ «አሲዱ ራሱ» የሚል ነው። ምግብ ጨጓራ ውስጥ እንደገባ በተለይ ፕሮቲኑ አሲዱን ስለሚያረግበው፣ አሲዱ እየፈለቀም ቢሆን የጨጓራው ውስጥ ያን ያህል አይኮመጥጥም፤ ስለዚህ ፍሬኑ አልተያዘም፣ ጋስትሪንም እንደልቡ ይለቀቃል። ምግቡ ወደ አንጀት እየወረደ ሲሄድ ግን የሚያረግበው ነገር ስለሚጎድል አሲዱ እየበረታ፣ የፒኤች መለኪያውም ከ3 በታች እየወረደ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሶማቶስታቲን የተባለ ሆርሞን የሚያመነጩ ሕዋሳት ይነቃሉ። እነርሱም ጋስትሪን አመንጪዎቹ አጠገብ ስለሚገኙ ሩቅ መንገድ ሳያስፈልጋቸው ጎረቤቶቻቸውን ዝም ያሰኛሉ። ከውጭ የሚቆጣጠር ማንም ሳይኖር፣ ምርቱ ሲበዛ ምርቱ ራሱ በሩን ይዘጋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ተራው የቆሽት ነው። (በነገራችን ላይ በርካታ ደብዳቤ ጻፊዎቻችን ቆሽትንና ጣፊያን ያምታታሉ። ጣፊያ ከደም ጋር የተያያዘ ሥራ ያለው፣ በግራ ጎን የሚገኝ ሌላ አካል ነው፤ ምግብ ከመፍጨት ጋር ግንኙነት የለውም።) አሲድ የተቀላቀለበት ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቀጭኑ አንጀት መግቢያ ሲወርድና እዚያ ያለው ፒኤች ከ4.5 በታች ሲሆን፣ ቤይሊስና ስታርሊንግ ያገኙት ሴክሪቲን ወደ ደም ይለቀቃል። ሴክሪቲን የቆሽትን ቱቦዎች ባይካርቦኔት እንዲያወጡ ያዛቸዋል፤ የሚወጣውም ፈሳሽ በደም ውስጥ ካለው እስከ አምስት እጥፍ የሚደርስ ባይካርቦኔት ሊይዝ ስለሚችል አሲዱን ወዲያው ያመክነዋል። አንጀት እንደ ጨጓራ ወፍራም መከላከያ የሌለው ሆኖ ሳለ የማይቃጠለው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። አሲዱ ሲመክን ደግሞ ሴክሪቲንን የሚያስለቅቀው ምክንያት ስለሚጠፋ ሆርሞኑም ይቀንሳል። ጨጓራው ውስጥ ያየነው ሥርዓት እዚህም በሌላ መልክ ይደገማል፤ ሴክሪቲን ከዚህም አልፎ ጨጓራው አሲድ ማመንጨቱን እንዲቀንስ ያደርጋል።

አሲዱን ማምከን ብቻውን ግን ምግብ አይፈጭም። ስብና ፕሮቲን አንጀት ሲደርሱ ኮሌሲስቶኪኒን የሚባል ሌላ ሆርሞን ይለቀቃል። ይህ ሆርሞን የቆሽትን ኢንዛይም ያስወጣል፣ የሐሞት ከረጢት ተኮማትሮ ስብ የሚበትነውን ሐሞት እንዲያፈስ ያደርጋል፣ የጨጓራውን መውጫ ፍጥነት ያዘገያል፣ ለአንጎልም የጥጋብ ስሜት ያስተላልፋል። የሚሠራውም በከፊል በአቅራቢያው ያሉትን የቬገስ ነርቭ ጫፎች በመንካት ስለሆነ ነርቭና ሆርሞን እንደ ሁለት ተፎካካሪ መታየታቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ስሙም የራሱ ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 የሐሞት ከረጢትን የሚያኮማትር ሆርሞን ተገኘ ተባለ፣ በ1943 ደግሞ የቆሽትን ኢንዛይም የሚያስወጣ ሌላ ሆርሞን ተገኘ ተብሎ የተለየ ስም ወጣለት፤ በስቶክሆልም ይሠሩ የነበሩት ኤሪክ ዮርፐስና ቪክቶር ሙት በ1960ዎቹ አጥርተው ሲያወጡት ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ።

ለክፍል ውስጥ ውይይት የሚሆን አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ቆሽት ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን የሚያወጣው እንደተቆለፉ ነው፤ ቁልፉ ያለው ቆሽት ውስጥ ሳይሆን አንጀቱ ግድግዳ ላይ ነው። እነዚህ ኢንዛይሞች ቆሽት ውስጥ እንዳሉ በስሕተት ቢከፈቱ ያመነጫቸውን አካል ራሱን መፍጨት ይጀምራሉ፤ የሐሞት ጠጠር መውጫውን ሲዘጋው ወይም አልኮል በብዛት ሲወሰድ የሚደርሰው ድንገተኛ የቆሽት ብግነት ብርቱ ሕመም የሚያስከትለው በዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ሌሊት ቃር ሲያስቸግረኝ አንድ ብርጭቆ ወተት እጠጣለሁ። ወዲያው ቀለል ይለኛል፤ ነገር ግን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ብሶበት ይመለሳል። ወተት ለጨጓራ መድኃኒት ነው ሲባል ነው ያደግሁት። ችግሩ የእኔ ጨጓራ ነው ወይስ ወተቱ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የእርስዎ ጨጓራ የሚሠራው እንደማንኛውም ጨጓራ ነው። ወተት ፕሮቲን ስላለው መጀመሪያ ላይ አሲዱን ያረግበዋል፤ የሚሰማዎት እፎይታም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ከላይ ለመምህሩ እንደገለጽነው አሲዱ ሲረግብ ፍሬኑም አብሮ ይለቀቃል፤ በወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ደግሞ ጋስትሪንን የሚያስለቅቁ ናቸው። ስለዚህ የማስታገሻው ኃይል አልቆ ወተቱ ወደ አንጀት ሲወርድ፣ እርሱው ያስነሣው አሲድ ብቻውን ጨጓራ ውስጥ ይቀራል። ሊተኙ ሲሉ ወይም ተኝተው ተነሥተው የሚጠጡት ስለሆነም፣ ጋደም ሲሉ አሲዱ ወደ ጉሮሮ ለመመለስ መንገዱ ይቀለዋል። ካልሲየም ካርቦኔት ያለባቸው የሚታኘኩ የአሲድ ማርገቢያዎችም በመጠኑ ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያሉ፤ ቡናም ካፌይኑ ቢወጣለት እንኳ ጋስትሪንን ያነሣል።

ወተት ጎጂ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምግብ ነው፣ መድኃኒት ግን አይደለም። የመጨረሻውን ማዕድ ከመኝታ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀደም አድርጎ መጨረስና የአልጋውን የራስጌ በኩል ከፍ ማድረግ ከወተቱ የተሻለ ያግዝዎታል። ሕመሙ ከቃርነት አልፎ እንብርት በላይ የሚቆረቁር ከሆነ ሐኪም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ለተባለው ባክቴሪያ እንዲመረምርዎት ይጠይቁ። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ለግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ይህ ባክቴሪያ በጨጓራው የታችኛው ክፍል ሲሰፍር የሶማቶስታቲንን መጠን ስለሚቀንስ ጋስትሪን ያለገደብ እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ፍሬኑን ያበላሸዋል ማለት ይቻላል። ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆር፣ ደም ማስመለስ፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ያለምክንያት መክሳት ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሐኪም ኦሜፕራዞል አዝዞልኝ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት እንድወስደው ነገረኝ። ባዶ ሆድ መድኃኒት መውሰድ ለምን? ደግሞስ ከብዙ ወራት በኋላ ደህና ነኝ ብዬ በራሴ ሳቆመው ቃሩ ከመጀመሪያው ይልቅ ከፋብኝ። ሱስ አስይዞኝ ይሆን?

መልስ፦ ኦሜፕራዞል የሚዘጋው ከላይ የጠቀስናቸውን የአሲድ ፓምፖች ሲሆን፣ የሚዘጋቸውም ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን አብዛኞቹ ፓምፖች ሕዋሱ ውስጥ ተጣጥፈው ያርፋሉ፤ ማዕዱ ጋስትሪንና ሂስታሚንን ሲያስነሣ ነው ወደ ሥራ የሚወጡት። መድኃኒቱ ደግሞ ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ እነርሱ ጋ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፣ በደም ውስጥም ብዙ አይቆይም። ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት መወሰዱ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዲገናኙ ለማድረግ ነው። እንክብሉን ፈጭቶ መዋጥም አይገባም፤ መድኃኒቱ በሽፋን የተጠቀለለው፣ የጨጓራ አሲድ ቀድሞ እንዳያበላሸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ሱስ ሳይሆን ሆርሞን ነው። አሲዱ ለወራት ሲጠፋ የአሲድ ፍሬን የሆነው ሶማቶስታቲን የሚያነቃው ነገር ያጣል፤ ጋስትሪንም በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ሂስታሚን አመንጪ ሕዋሳቱንም ያበረታቸዋል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ፓምፖቹ ይከፈታሉ፣ የሚጎተጉታቸው ኃይል ግን ከቀድሞው በርትቷል፤ ስለዚህ ለተወሰኑ ሳምንታት ከበፊቱ የበለጠ አሲድ ሊመነጭ ይችላል። ይህ ጊዜያዊ ነው፤ በርካታ ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ማስቆምን የሚመርጡትም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ለምን እንደታዘዘልዎ ስለማላውቅ መቀነሱንም ሆነ መቀጠሉን ካዘዘልዎ ሐኪም ጋር ይምከሩበት፤ አንዳንድ ሰው ፈጽሞ ማቆም የሌለበት ምክንያት ይኖረዋል።

ጋስትሪን ያለፍሬን ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1955 ሮበርት ዞሊንገርና ኤድዊን ኤሊሰን የተባሉ አሜሪካውያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች የገለጹት፣ በስማቸውም የሚጠራው ብርቅ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በቆሽት ወይም በአንጀት መግቢያ ላይ የሚበቅል ዕጢ ራሱ ጋስትሪን ያመነጫል፤ አሲድ ሲበዛ የሚዘጋ በር ስለሌለውም ቁስለቱ ተደጋጋሚና ግትር ይሆናል። ሕሙማኑ ብዙውን ጊዜ ተቅማጥም ይኖራቸዋል፤ ምክንያቱም የአሲዱ ጎርፍ ከቆሽት ባይካርቦኔት አቅም በላይ ሆኖ ስብ የሚፈጨውን ኢንዛይም ያመክነዋል። ለምርመራውም ሴክሪቲን በደም ሥር ይሰጣል፤ በጤነኛ ሰው ጋስትሪንን የማያነሣው ይህ ሆርሞን በዕጢው ላይ ግን ተቃራኒውን ሠርቶ ጋስትሪኑን ሽቅብ ያሻቅበዋል።

ጥያቄ፦ ቆሽት ኢንሱሊንም እንደሚያመነጭ አውቃለሁ። ኢንሱሊን የሚወጣው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲጨምር ብቻ ነው ወይስ አንጀት እዚያም ላይ እጁ አለበት?

መልስ፦ እጁ አለበት። ተመሳሳይ የደም ስኳር መጠን እንዲደርስ ተደርጎ፣ ግሉኮስ በአፍ ሲወሰድ የሚወጣው ኢንሱሊን በደም ሥር ሲሰጥ ከሚወጣው በእጅጉ እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት በአፍ የተወሰደው ስኳር አንጀትን ሲነካ የሚለቀቁት ጂአይፒና ጂኤልፒ-1 የተባሉ ሆርሞኖች ናቸው፤ በጤነኛ ሰው ከማዕድ በኋላ ከሚወጣው ኢንሱሊን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእነርሱ ግፊት ሊወጣ ይችላል። ጂአይፒ መጀመሪያ ስም የወጣለት የጨጓራ አሲድን የሚገታ ሆርሞን ተብሎ ነበር፤ ዋና ሥራው ኢንሱሊንን ማስወጣት እንደሆነ ሲታወቅ ምኅጻረ ቃሉን ሳይለቅ የስሙ ትርጉም ተለወጠለት። ጂኤልፒ-1 በበኩሉ ከኢንሱሊኑ ሌላ የጨጓራን መውጫ ያዘገያል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ያለ ኢንዛይም በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹን ያፈርሰዋል። ለስኳር ሕመምና ለውፍረት የሚታዘዘው ሴማግሉታይድ ይህንኑ ሆርሞን በሚመስል፣ ኢንዛይሙ ግን በቀላሉ በማያፈርሰው መልክ ስለተሠራ በሳምንት አንድ መርፌ ይበቃዋል።